የይፋት የድንጋይ ከተሞች

ኅዳር ሲገባ የይፋት ቆላ ይገለጣል። ማሽላው ይታጨዳል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ በክረምት ተሸፍኖ የከረመው መሬት ይታያል። ከአጣዬ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ በምዕራብ ደጋው እንደ ግንብ ቆሟል፤ በምሥራቅ መሬቱ ወደ አዋሽ ያዘቀዝቃል። በዚህ ተዳፋት ላይ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ከተሞች ፍርስራሽ አለ፤ ኖራ፣ አስበሪና መሳል ይባላሉ። ግድግዳቸውን ከቁጥቋጦ ለይቶ ማየት ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

የከተሞቹ ዘመን ይፋትን ከገዛው ከወላስማ ሥርወ መንግሥት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ዑመር ወላስማ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት ድል አድርጎ ግዛቱን ጠቀለለ። ይህን የምናውቀው ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1941 ካሳተመው አጭር የአረብኛ ዜና መዋዕል ነው። ከዚያ በኋላ ይፋት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይዞ ከበረ።

ስለ ይፋት ኑሮ ሰፋ አድርጎ የጻፈው በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረው የግብጽ ማምሉኮች ዘመን ጸሐፊ አል ዑመሪ ነው። እርሱ አገሩን በዓይኑ አላየም። ወሬውን ያገኘው ካይሮ ከደረሱ ሰዎች፣ በተለይም ከሼኽ አብደላ አል ዘይለዒ ነው። ሼኹ የግብጽ ፓትርያርክ ለሐበሻው ንጉሥ ደብዳቤ ጽፎ ሙስሊሞችን እንዳይጎዳ እንዲያደርግ ሊማጸኑ የሄዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ቃላቸው አቤቱታም ያዘለ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ሆኖም ስለ እህል፣ ስለ ፍራፍሬና ስለ ገበያ የነገሩት ነገር ለአቤቱታው የሚጨምረው ጥቅም ስለሌለ ይታመናል። በይፋት ገበያ የግብጽ ዲናርና ድርሃም ይሠራ ነበር። ሕዝቡ እንቅልፍና ርሃብ የሚያስታግስ ቅጠል ያኝክ ነበር፤ ጫት መሆኑ ነው።

ይኸው ጫት በተቃራኒው ወገን ጽሑፍም ይገኛል። ዐፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 በይፋቱ ገዥ በሰብረዲን ላይ የዘመቱበትን ጦርነት የሚተርከው የግዕዝ ዜና መዋዕል፣ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ማራዴን ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱን ይጽፋል። ጸሐፊው ዛቻውን ያሰፈረው ጠላቱን ሊያሳጣ ነው። ይሁን እንጂ እርሱና የካይሮው ጸሐፊ ሳይተዋወቁ በአንድ ተክል ላይ ተገናኝተዋል። ጫት በዚያ ዘመን የይፋት ሰው መለያ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። በጦርነቱ ሰብረዲን ተያዘ፤ ንጉሡም የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን በቦታው ሾሙ። ይፋት ገባር ሆነ እንጂ አልጠፋም።

ሦስተኛው ምስክር ድንጋዩ ነው። ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ኢርሽ የመሩት የፈረንሳይ ቡድን ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ፍርስራሾቹን አጥንቷል። ኖራ ላይ መስጊዱ፣ የመኖሪያ ሰፈሩና መካነ መቃብሩ ተለይተዋል። የሶላት አቅጣጫ የሚያሳየው ሚሕራብ በጥንቃቄ በተጠረበ ድንጋይ ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ሥራ ለዘላቂ ኑሮ እንጂ ለጊዜያዊ ሰፈር አይደከምበትም። በይፋት ምድር የተገኙ በአረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችም የወላስማን ቤተሰብ ስም ይዘዋል፤ በብራና ላይ ብቻ ይታወቁ የነበሩ ሰዎች አፈራቸው ተገኘ ማለት ነው።

የአካባቢው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ፍርስራሹን የሐርላ ሕዝብ ሥራ ነው ይላል፤ ድንጋዩን የደረደሩት ግዙፍ ሰዎች ነበሩ፣ ጠፉ ይባላል። ትውፊቱ ሊናቅ አይገባም፤ የቦታውን ትዝታ ጠብቆ ያቆየው እርሱ ነው። ቢሆንም የከተሞቹ መዳከም ሌላ ምክንያት አለው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማው ሐቀዲን ዳግማዊ ለደጋው ንጉሥ መገበርን እምቢ ብሎ ወደ ምሥራቅ ወረደ። ወንድሙ ሰዓደዲን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘይላ ላይ ተገደለ። ወደ የመን የተሰደዱት ልጆቹ ሲመለሱ የአዳልን መንግሥት አቆሙ እንጂ ወደ ይፋት ተዳፋት አልተመለሱም። ሥልጣኑ ሲሄድ ንግዱም ተከተለው።

ሐተታው ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ነገር ይወጣዋል። የካይሮውን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ የተበደለ ሕዝብ ያያል፤ የግዕዙን ብቻ ያነበበ ዐመፀኛ ገባር ያያል። ድንጋዩ የሚያሳየው ግን ሠርቶ፣ ሰግዶ፣ ሙታኑን ቀብሮ የኖረ የከተማ ሰው ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ተቃጥላ የብዙ ሰው ቤት ወድሟል፤ የዚህ አካባቢ ታሪክ የአንድ ወገን ክስ ሆኖ ሲነገር የሚያስከትለውን ጉዳት በቅርብ ያየ ትውልድ ነን። ስለዚህ ኖራና እኅቶቿ አጥርና ጠባቂ ሊያገኙ፣ በይፋት ትምህርት ቤቶችም ሦስቱ ምስክሮች ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል።