አቧራን አራግፎ መሄድ

ከወልዲያ ወደ ደሴ የተሳፈረ ሰው የሐብሩዋን መርሳ፣ ቀጥሎም ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ይደርሳል፡፡ ብዙዎቻችን ሐይቅን የምናውቀው በዓሣው ነው፡፡ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን በአንድ ወቅት የእምነት እስረኛም ተቀምጦበታል፡፡

ነገሩ የሚጀምረው ከአባ ኤዎስጣቴዎስ ነው፡፡ በ14ኛው መቶ ዘመን፣ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ሰንበት ሆና ትከበር ብለው አስተማሩ፡፡ ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት አልወደዱላቸውም፤ የአገር ቤት ካህናትም ተነሡባቸው፡፡ በ1330ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እስከ 1450 እንደዚያው) ጥቂት ደቀ መዛሙርት ይዘው ወጡ፡፡ በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አድርገው አርመን ገቡ፤ በ1352 እዚያው አረፉ፡፡

ታዲያ ይህ ሽሽት ነው? እኛ ከሜዳ የወጣ ሁሉ ተሸነፈ ማለት ይቀናናል፡፡ ወንጌል ግን ሐዋርያትን ያልተቀበላቸውን ከተማ የእግራቸውን አቧራ አራግፈው እንዲወጡ ያዛል፡፡ ጳውሎስና በርናባስ በጲስድያዋ አንጾኪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው፡፡ ልስጥራን ላይ ጳውሎስ በድንጋይ ተወግሮ፣ ሞቷል ተብሎ ተጣለ፤ በማግስቱ ወደ ደርቤን ሄደ፡፡ ልብ በሉ፣ በኋላ ወደዚያችው ልስጥራን ተመልሷል! የሄደው ከጠቡ እንጂ ከሥራው አልነበረም፡፡

ኤዎስጣቴዎስም ሲሄዱ አባ አብሳዲን የመሰሉ ተማሪዎቻቸው ሰራዬ ቀርተው ነበር፡፡ ትምህርቱ በአንድ ሰው እግር ላይ አልቆመም፡፡ በ1400 የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ በዐፄ ዳዊት ዘመን ተጠርተው ሐሳባቸውን ለውጡ ተባሉ፤ እምቢ አሉ፡፡ አራት ዓመት በሐይቅ ታሰሩ፡፡ በ1404 ንጉሡ ፈቷቸው፤ ተከታዮቹም ቅዳሜን እንዲያከብሩ ተፈቀደላቸው፡፡ በ1450 ገደማ ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት ጸኑ፡፡

አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቆየ፤ ሁለቱም አስፈለጉ፡፡ መሄድ ግን ዋጋ አለው፡፡ ኤዎስጣቴዎስ ያን ቀን ሳያዩ፣ በሰው አገር ቀሩ፡፡

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልዲያና መርሳ ሲደርስ ስንቱ ቤት «እንሂድ ወይስ እንቆይ?» ሲባባል አደረ፡፡ ነገሩ አንድ አይደለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፡፡ የሄደውን ፈሪ፣ የቆየውን ሞኝ ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ማንን ትቶ ሄደ? ለማንስ ብሎ ቆየ?