ቆጣሪው ሳይሳሳት፦ የኦብጀክት ዕድሜና የሪፈረንስ ቀለበት በሊኑክስ ድራይቨሮች

የዩኤስቢ ካሜራ ከኮምፒውተር ሲነቀል በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሁለት ክስተቶች በተለያየ ጊዜ ይፈጸማሉ። መጀመሪያ የዩኤስቢው ንዑስ ሥርዓት መሣሪያው መሄዱን ለድራይቨሩ ያሳውቃል። ካሜራውን የከፈተው ፕሮግራም ግን ፋይሉን ገና አልዘጋም፤ እስኪዘጋውም ድረስ ምስል ለማንበብ ደጋግሞ ሊጠይቅ ይችላል። ድራይቨሩ በመጀመሪያው ክስተት መረጃውን ያኖረበትን ማኅደረ ትውስታ ከለቀቀ፣ ኋላ ፕሮግራሙ ሲመጣ የሚነካው የተለቀቀ ቦታ ነው። ሁሉንም እንደያዘ ፋይሉ እስኪዘጋ ከጠበቀ ደግሞ የሌለ መሣሪያ ሊያዝ ይሞክራል። «ማኅደረ ትውስታው አለ ወይ?» እና «መሣሪያው አለ ወይ?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በድራይቨሮች የሚታየው የሪፈረንስ ቀለበትም፣ ማለትም ኦብጀክቶች እርስ በርስ ተያይዘው አንዳቸውም የማይለቀቁበት ሁኔታ፣ በአብዛኛው የሚወለደው ሁለቱን በአንድ ቆጣሪ ለመመለስ ከመሞከር ነው ብዬ አምናለሁ።

ድካምን ለማቅለል የተሠሩ መሣሪያዎችም ይህን ልዩነት ሊሸፍኑት ይችላሉ። በቴጁን ሄዎ ተጽፎ በ2007 ከሊኑክስ 2.6.21 ጋር የወጣው ዴቭሬስ የተባለው ሥርዓት፣ ድራይቨሩ የወሰደውን ሀብት ሁሉ ከመሣሪያው ሲለያይ በራሱ ይለቅለታል። ለኢንተራፕት መስመርና ለሬጂስተር ካርታ ይህ ፍጹም ተገቢ ነው፤ ዕድሜያቸው ከመሣሪያው ጋር ያበቃልና። የተከፈተ ፋይል የሚያመለክተው ስትራክቸር ግን ዕድሜው ከፋይሉ ጋር ነው። እሱንም በዴቭሬስ መመደብ መሣሪያው ሲነቀል ከተጠቃሚው እጅ መንጠቅ ይሆናል። የከርነል ገንቢው ሎረን ፒንሻር በ2022 በደብሊን በተካሄደው የሊኑክስ ፕለምበርስ ጉባኤ ይህን አመዳደብ ጎጂ ብሎ የተናገረው ለዚህ ነው። ልማዱ የቀጠለው ስሕተቱ መሣሪያው ሥራ ላይ እያለ ካልተነቀለ በቀር ስለማይታይ ይመስለኛል።

ተቃራኒው መንገድ ሪፈረንስ መቁጠር ነው። ኬሬፍ የሚባለው የከርነሉ ቆጣሪ ከአንድ ይጀምራል፤ ያዥ ሲጨመር ያድጋል፣ ሲለቅ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስ የማፍረሻው ተግባር ይጠራል። ከ2017 ጀምሮ፣ ማለትም ከ4.11 ወዲህ፣ ከርነሉ ከጣሪያው አልፎ ወደ ዜሮ የማይዞር የቆጣሪ ዓይነት አለው። ቆጣሪው ከልክ ካለፈ ባለበት ይደርቃል፤ ማኅደረ ትውስታ ይባክናል እንጂ በሰው እጅ ያለ ኦብጀክት አይፈርስም። ከሁለት ጥፋቶች ቀላሉን መምረጥ ነውና ምርጫው ትክክል ነው።

ለቀለበት ግን ይህ ጥበቃ ምንም አይረዳም። ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነው «ዋስትናዬን የማነሣው እሱ ሲያነሣልኝ ነው» ቢሉ፣ ውላቸው ሁሉ ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ነጻ የሚወጣ የለም። ቀለበት ውስጥ ያሉ ኦብጀክቶችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ ቆጣሪ የያዘው ቁጥር እውነት ነው፤ የጎደለው ማን የማን ባለቤት እንደሆነ የሚወስን ሰው ነው። ጉዳቱም ድምፅ የለውም። የተለቀቀ ቦታ ሲነካ ካሳን የተባለው መመርመሪያ ወዲያው ይጮኻል። የጠፋ ማኅደረ ትውስታን የሚያድነው ኬሜምሊክ ግን ከቀለበቱ አንዱ ኦብጀክት በሆነ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ላይ ተመዝግቦ ከቀረ፣ ሁሉም ገና በሥራ ላይ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል።

ቀለበት ታውቆ ሲሠራና ታውቆ ሲፈታ ለማየት የግራፊክስ ድራይቨሮችን የሚያስተናግደው ዲአርኤም ጥሩ ማሳያ ነው። እዚያ የምስል ቋት ጄም ኦብጀክት ይባላል፤ ፕሮግራም የሚይዘው ሃንድል በተባለ ቁጥር ነው። ቋቱን ለሌላ ድራይቨር፣ ለምሳሌ ለቪዲዮ ዲኮደር፣ ማካፈል ሲያስፈልግ ዲኤምኤ-በፍ የተባለ የጋራ ኦብጀክት ሆኖ ይወጣል። ዲኤምኤ-በፉ ቋቱን መያዙ ግድ ነው፤ ካልያዘው ዲኮደሩ እየጻፈበት ሊፈርስ ይችላል። ቋቱም በበኩሉ ዲኤምኤ-በፉን ይይዛል፤ ይኸው ቋት ዳግመኛ እንዲወጣ ሲጠየቅ ሌላ አዲስ ሳይሆን ያው የቀድሞው መሰጠት አለበትና። አንድ ቋት በሁለት ማንነት ከተገለጠ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፤ ይህ ሲሆን ትእዛዙን የማይቀበሉ ድራይቨሮች አሉ።

ቀለበቱ እንግዲህ ተዘጋ። የሚፈታው ቋቱ ሁለት ቆጣሪዎች ስላሉት ነው፦ አንዱ የሪፈረንሶች ሁሉ፣ ሌላው የሃንድሎች ብቻ። የመጨረሻው ሃንድል ሲዘጋ ከፕሮግራሞች ወገን ቋቱን በቁጥር ጠርቶ ዳግም እንዲወጣ የሚጠይቅ አይኖርም። ቋቱ ዲኤምኤ-በፉን የያዘበት ምክንያት አብቅቷልና በዚያች ቅጽበት ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከተቀባዩ ወደ ዲኤምኤ-በፉ፣ ከዲኤምኤ-በፉ ወደ ዋናው ቋት የሚሄድ ባለ አንድ አቅጣጫ ሰንሰለት ነው። የዚህ አሠራር ብልኃት ሪፈረንሱን ምክንያቱ ከሚያበቃበት ክስተት ጋር ማሰሩ ነው። ይህን ያህል በግልጽ የታሰበበት ኮድ ሳይ ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለ ክስተት ከሌለ አንደኛውን አቅጣጫ ደካማ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ፖይንተሩ ይኖራል፣ ቆጣሪውን ግን አይጨምርም። ሊጠቀምበት የፈለገ ክፍል በቁልፍ ሥር ሆኖ ቆጣሪውን ከዜሮ በላይ ከሆነ ብቻ ለመጨመር ይሞክራል፤ ካልሆነለት ኦብጀክቱን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ለመሣሪያው ህልውና ደግሞ ዲአርኤም የተለየ በር አለው። ሃርድዌር የሚነካ ኮድ ሁሉ በመግቢያና በመውጫ ጥሪ ይታጠራል። መሣሪያው ሲነቀል ውስጥ ያሉት እስኪወጡ ይጠበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው መሣሪያው የለም ተብሎ ይመለሳል። ማኅደረ ትውስታው ግን ፋይሉ እስኪዘጋ አለ።

ከድራይቨሮች ወጣ ብዬ ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበትን የዩኒክስ ሶኬት የማነሣው፣ ቀለበቱን የሚቋጥረው የከርነል ጸሐፊ ሳይሆን ተጠቃሚው ሲሆን የሚሆነውን ስለሚያሳይ ነው። በእነዚህ ሶኬቶች የተከፈተ ፋይልን ራሱን መላክ ይቻላል፤ ሶኬትም ፋይል ነው። የአንደኛው ሶኬት ሪፈረንስ በሁለተኛው የመልእክት ወረፋ፣ የሁለተኛውም በአንደኛው ወረፋ ሳይነበቡ ቀርተው ፕሮግራሙ ሁለቱንም ቢዘጋቸው ማንም አይደርስባቸውም፤ ቆጣሪያቸውም ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ከርነሉ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ቆሻሻ ሰብሳቢ ለመሸከም ተገደደ። ሰብሳቢው የሶኬቱን ጠቅላላ ሪፈረንስ በመንገድ ላይ ካሉት፣ ማለትም ሳይነበቡ በወረፋ ከቀሩት፣ ጋር ያነጻጽር ነበር፤ እኩል ከሆኑ ከውጭ የያዘው የለም ማለት ነው። ችግሩ መልእክትን ከወረፋው ሳያወጡ አጮልቆ ማየት መቻሉ ነው፤ ሰብሳቢው ቆጥሮ ባለፈበት ቅጽበት አዲስ ያዥ ብቅ ይላል። ሲቪኢ-2021-0920 ተብሎ የተመዘገበው የደኅንነት ክፍተት ይኸው ነበር፤ አጥቂዎች በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ተጠቅመውበታል። በ2024 በወጣው ሊኑክስ 6.10 ኩኒዩኪ ኢዋሺማ ሰብሳቢውን እንደ አዲስ ጽፎታል፤ አዲሱ ሮበርት ታርጃን በ1972 ባሳተመው፣ በግራፍ ውስጥ ቀለበቶችን ለይቶ በሚያወጣ ስልት ላይ ቆሟል።

ከሊኑክስ 6.1 ወዲህ ራስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ከርነሉ መግባቱ የተለቀቀ ቦታ የመንካትን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ሊሻር የሚችል ሀብትን ከማኅደረ ትውስታው ዕድሜ የሚለይ ዓይነትም አዘጋጅቷል፤ ድራይቨር ጸሐፊዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊማሩት የሚገባ ይመስለኛል። ቀለበትን ግን አይከለክልም፤ በራስት ሕግ ማኅደረ ትውስታ ማባከን ከደኅንነት ጥሰት አይቆጠርም። የከርነሉ አርክ የተባለው ቆጣሪም ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ከመደበኛው የራስት አርክ በተለየ ደካማ ሪፈረንስን አይደግፍም። እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት አርኮችን ኮምፓይለሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሳልፋቸዋል።