መጎተትማ ብስክሌትም ይጎትታል

እ.ኤ.አ. በ1947 የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ አለ። አልፍሬድ ሌቱርነር የሚባል ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ አቀርቅሮ ፔዳሉን ይመታል። ከኋላው ደግሞ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ እንደ አውሮፕላን ሆድ የሚያብረቀርቅ ተሳቢ ቤት ተቀጥሎ ይከተለዋል። ቤት ነው እኮ የምላችሁ! አልጋ ያለው፣ ወጥ የሚሠራበት ቤት። እርግጥ ሌቱርነር እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ብስክሌተኛ አይደለም። በ1941 ካሊፎርኒያ ውስጥ ንፋስ በሚከልል መኪና ኋላ ተጠግቶ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር የጋለበ ባለ ክብረ ወሰን ነው። ቢሆንም ሞተር የለውም፤ ያለው ሁለት እግር ነው።

ፎቶው ኤርስትሪም የተባለው የአሜሪካ ተሳቢ ቤት አምራች ማስታወቂያ ነበር። ይህን ብስክሌት ከጎተተው የእናንተ መኪና ምን ይሳነዋል ለማለት ነው። ማስታወቂያው አልዋሸም። ችግሩ የተናገረው እውነት ግማሽ መሆኑ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለ ሌላኛው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ብስክሌቱ እንዴት ቻለ? አስማት የለበትም። በደንብ የተነፋ ጎማ በደልዳላ አስፋልት ላይ ለመንከባለል የሚጠይቀው ጉልበት ከሚሸከመው ክብደት 100 እጅ 1 ወይም 2 ያህል ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ይህ አይከብድም። እስኪ ያው ሰው ያንኑ ቤት ይዞ ቁልቁለት ይውረድ! እስኪ ከጎን ንፋስ ይምጣበት! መጎተት አንድ ነገር ነው፤ መያዝ ሌላ ነገር ነው። ረጅም ተሳቢን ከመኪና ጋር የማዛመድ የመቶ ዓመት ታሪክ ባጭሩ ይህንን ልዩነት የመማር ታሪክ ነው።

እኛ አገር ተሳቢ ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው በጅቡቲ መስመር የሚመላለሰው ከባድ መኪና ነው። የአሜሪካኖቹ ተሳቢ ቤት ግን የቤተሰብ ዕቃ ነው። አባወራው ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ዕረፍት ሲወጣ ቤቱን በመኪናው ጅራት ላይ ቀጥሎ አገር የሚያይበት። የሹፌር ሙያ የለውም። የሚነዳውም ሰኞ ሥራ የሚሄድበትን መኪና ነው። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጣጣውን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ግሌን ከርቲስ ነበር። አዎ፣ የአውሮፕላኑ ከርቲስ። በ1928 ኤሮካር የሚባል ተሳቢ ሲያወጣ ተሳቢውን ከመኪናው መከላከያ ኋላ አላንጠለጠለውም። የአውሮፕላን ጎማ አጋድሞ ከመኪናው የኋላ እግር በላይ አስቀመጠና የተሳቢውን አፍ እዚያ ላይ አሳረፈው። ለምን? መጋጠሚያው ከኋላ እግር ርቆ ወደ ኋላ በወጣ ቁጥር ተሳቢው መኪናውን እንደ ዘንግ ይጠመዝዘዋል። ውሻው ጅራቱን መወዝወዙ ይቀርና ጅራቱ ውሻውን ይወዘውዛል ማለት ነው። መጋጠሚያው ከእግሩ በላይ ሲያርፍ ግን ያ ዘንግ የለም።

መፍትሔው ጥሩ ነበር፤ ግን መኪናን መቀየር ይጠይቃል። ገበያው የመረጠው ርካሹን መንገድ ነው፦ ከመኪናው ኋላ የብረት ኳስ ማሰርና ተሳቢውን እሱ ላይ ማጋጠም። ዛሬም አብዛኛው ተሳቢ ቤት የሚጎተተው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከርቲስ የሸሸው ችግር ለሁሉም ሰው ተከፋፈለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተሳቢዎቹ ረዘሙ። በ1954 ሆሊውድ በነገሩ ሳቀበት። «ዘ ሎንግ ሎንግ ትሬይለር» በተባለው ፊልም ሉሲል ቦልና ዴሲ አርናዝ አዲስ ተጋቢዎች ሆነው 36 ጫማ (11 ሜትር ገደማ) ርዝመት ያለው ተሳቢ በአንድ ሜርኩሪ የቤት መኪና ይጎትታሉ። ሙሽሪት በየደረሱበት ለመታሰቢያ ድንጋይ ትለቅማለች። ባል ዳገቱ ሲመጣ ድንጋዩን ጣይ ይላታል፤ እሷ ትደብቀዋለች። ተራራው ላይ የሚሆነውን ፊልሙን ላላያችሁ አልነግራችሁም። ተመልካቹ በሳቅ ይፍረስ እንጂ ነገሩ ቁም ነገር ነው። ተሳቢው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ክብደትና ቤተሰቡ ከኖረበት በኋላ ያለው ክብደት አንድ አይደሉም። ውኃው፣ ጋዙ፣ ድስቱ፣ የልጆቹ ብስክሌት... ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ የደበቀው ድንጋይ አለው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። የኤርስትሪም መሥራች ዋሊ ባያም ደንበኞቹን አሰልፎ አገር ለአገር የመዞር ፍቅር ነበረው። በ1959 ደግሞ 41 ተሳቢዎችንና ከ100 በላይ ሰዎችን ይዞ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሳ። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ጡረተኞች ነበሩ። መንገዳቸው በሮዴዥያ፣ በቤልጅየም ኮንጎ፣ በዩጋንዳና በኬንያ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። በ1960 ጉዟቸውን ጨርሰው ተሳቢዎቻቸውን ጊዛ ፒራሚዶች ሥር ደርድረው ፎቶ ተነሱ።

ከኬንያ ድንበር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ያኔ አስፋልት አልነበረም። እዚያ መንገድ ላይ አሜሪካ የተሳለው የቤት መኪና ስዕል አይሠራም። ለዚህም ነው በጉዞው ፎቶዎች ላይ ከተሳቢዎቹ ፊት በብዛት የሚታዩት ፒክአፖች የሆኑት። ሻንሲያቸው ወፍራም፣ ባሌስትራቸው ጠንካራ፣ የኋላ እግራቸው ሸክም የለመደ። ፒክአፑ ከቤት መኪናው የሚለየው በሞተር ጉልበት ብቻ አይደለም። ጀርባው ላይ የሚያርፈውን መሸከም ይችላል፤ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

እቤታቸው የቀሩትስ? የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የአሜሪካ የቤት መኪናም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። ሻንሲው ለብቻው የቆመ፣ ረጅም፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። በዚያው ዘመን ሌላ ብልሃትም ተስፋፋ። ከመጋጠሚያው ወደ ተሳቢው የሚዘረጉ ሁለት የብረት ዘንጎች ናቸው። በሰንሰለት ሲወጠሩ የመኪናውን ጅራት ቀና ያደርጉና ሸክሙን ለፊት ጎማዎችና ለተሳቢው ጎማዎች ያካፍላሉ። የፊት ጎማው መሬት ካልያዘ መሪው ጌጥ ነውና ይህ ብልሃት ብዙ ነፍስ አድኗል።

ከዚያ 1973 መጣ። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ይህንን ታሪክ እኛም እናውቀዋለን፤ በ1966 ዓ.ም. የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ የመቱት በነዳጅ ጭማሪው ነው፤ ከአድማው በኋላ የሆነውን መንገር አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ያው ድንጋጤ መኪናውን አሳነሰው። በ1975 የወጣው ሕግ አምራቾች ከ1978 ሞዴል ጀምሮ የነዳጅ ቁጠባ ልክ እንዲያሟሉ አስገደደ። በ1977 ጄኔራል ሞተርስ ትልልቆቹን መኪኖች አሳጠረ፣ አቀለለ። በ80ዎቹ ብዙዎቹ የቤት መኪኖች ለብቻው የቆመ ሻንሲ የሌላቸው፣ በፊት ጎማ የሚነዱ ሆኑ። ለከተማ ጥሩ ናቸው። ለ30 ጫማ ተሳቢ ግን አልተፈጠሩም። ረጅሙ ቤት ባለቤት አጣና ወደ ፒክአፕ ተሰደደ።

ፒክአፑ ሲነግሥ የቁጥር ፉክክር ጀመረ። የኔ ይህን ያህል ይጎትታል፣ የኔ ከሱ ይበልጣል... ግን ማን ለካው? እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ ሚዛን ይለካ ነበር። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለውን የጋራ መለኪያ ያወጣው በ2008 ነው። ከፈተናዎቹ አንዱ በአሪዞና በረሃ ዴቪስ ዳም የሚባል ዳገት ላይ የሚደረግ ነው። ሙቀት በነገሠበት፣ የመኪናው ማቀዝቀዣ እስከ ጥጉ ተከፍቶ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ተራራውን መውጣት። ሌላው ደግሞ 12 በመቶ ዳገት ላይ ቆሞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ደጋግሞ መነሳት። በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ የገባበት ቶዮታ ነበር። ውጤቱስ? መኪናው አልተቀየረም፤ በወረቀት ላይ ያለው የመጎተት አቅሙ ግን በመቶዎች ፓውንድ ወረደ። ሌሎቹ ለመግባት ዓመታት መፍጀታቸው አይገርምም።

ይሁንና ሐቀኛ ቁጥርም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በምሳሌ እንየው። ተሳቢያችሁ ከነዕቃው 3,500 ኪሎ ይመዝናል እንበል። የምትገዙት ፒክአፕ 4,500 ኪሎ ይጎትታል ተብሏል። አንድ ቶን ተርፎ! አይደል? ቆዩ። ተሳቢው ሳይወዛወዝ እንዲሄድ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው በአፉ በኩል መኪናው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰና ክብደቱ ወደ ተሳቢው ጅራት ከሄደ መወዛወዙ ይብሳል። እንግዲህ ትንሹን እንኳ ብንወስድ 350 ኪሎ ነው። ፒክአፑ በጀርባው የሚችለው 700 ኪሎ ቢሆን፣ አምስት ሰው በ75 ኪሎ ሒሳብ 375 ይወስዳል። የቀረው 325። በቃ፣ አለቀ። ሻንጣ እንኳ ሳይገባ ሸክሙ አልፏል። በማስታወቂያው የመጎተቻ ቁጥር ላይ አንድ ቶን ተርፏችሁ፣ በር ላይ በተለጠፈችው ትንሿ የጭነት ወረቀት ግን ወድቃችኋል።

ስለ ፍሬኑማ አታንሱት። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስትጨምሩ ፍጥነታችሁ የጨመረው በሩብ ነው። ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ጉልበት ግን ከግማሽ በላይ ያድጋል። ለዚህ ነው ትልቅ ተሳቢ የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን የሚኖረው። ተሳቢው መወዛወዝ ሲጀምር ደግሞ ብልህ ነጂ የመኪናውን ፍሬን አይረግጥም፤ እግሩን ከነዳጁ አንስቶ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጁ ይዞ ከኋላ ያቃናዋል። ደንጋጣው ግን የፊተኛውን ይረግጥና የኋለኛው ይቀድመዋል።

ዛሬም ታሪኩ ራሱን እየደገመ ነው። ከ2021 ጀምሮ ገበያ የወጡት የኤሌክትሪክ ፒክአፖች ጉልበታቸው ጉድ ያሰኛል። ከቆሙበት ሲነሱ ተሳቢ የያዙም አይመስሉም። ቁልቁለት ላይም ሞተራቸው መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ግን ረጅም ተሳቢ ሲቀጠልባቸው በአንድ ሙሌት የሚሄዱት መንገድ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ግድግዳ የሚያህል ነገር ንፋስ ውስጥ መጎተት ዋጋ አለዋ! ማስታወቂያው ግን አሁንም የሚያወራው ስለ ጉልበቱ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ በክረምት ቤተሰብ ሰብስባችሁ ተሳቢ ለመከራየት ያሰባችሁ እንደሆነ ሻጩንም አከራዩንም «ስንት ይጎትታል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ስንት ይሸከማል? በምን ይቆማል? ንፋስ ሲመጣ ማን ማንን ይመራል?» በሉ። ከዚያ ሞልታችሁ ጭናችሁ ሚዛን ላይ አውጡት፤ የከባድ መኪና ነጂ ዘመድ ካላችሁ ሚዛኑ የት እንዳለ ያሳያችኋል። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። በአስፋልት ላይ ሲፈታ ደግሞ የሚፈታው በራሳችሁ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከጎናችሁ የምታልፈው ትንሽ መኪና ውስጥም ሰው አለ።

ሌቱርነር ያን ቀን በሜዳ ጎተተ፤ ጎበዝ ነው። ቁልቁለቱን ግን ማንም ፎቶ አላነሳውም።

ቸር እንሰንብት።