የሃቫሱፓይ የደም ናሙና ጉዳይ

በአሜሪካ፣ በግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩት የሃቫሱፓይ ነባር ሕዝብ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሟገቱበት ጉዳይ። ስኳር በሽታ የበረታባቸው የጎሳው አባላት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ፣ መፍትሔ ይገኝ እንደሆነ ብለው ደም ሰጡ። የፈረሙት የስምምነት ቅጽ ግን ለብዙ ነገር በር የሚከፍት፣ ልቅ ቅጽ ነበር፤ ደማቸው ሳያውቁት ለስኪዞፍሬንያ፣ ለሥጋ ዘመዳሞች መዋለድና ለጥንታዊ ፍልሰት ጥናት ዋለ። የመጨረሻው ጥናትም አስቆጣቸው፦ መገኛችን ይኸው ካንየን ነው ለሚል ሕዝብ፣ አባቶቻችሁ ከእስያ መጡ መባል እምነትንም የመሬት መብትንም ይነካል። ነገሩ የወጣው በ2003፣ አንዲት የጎሳው ተወላጅ የዶክትሬት ጥናት ሲቀርብ ተገኝታ ስለ ፈቃዱ በጠየቀች ጊዜ ነው። ክሱ በ2010 በስምምነት ተዘጋ፤ ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ተከፈለ፣ የተረፈው ደምም ተመለሰ። ፍርድ ቤት በዋናው ጭብጥ ላይ ስላልበየነ ከጉዳዩ አስገዳጅ ሕግ አልወጣም፤ በምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም።