የተራራው ጥበቃና የሜዳው ሰው

ተራራና ሜዳ በመልክ ቢለያዩም በኑሮ አንድ ናቸው። ለዚህም በራያ ቆላ፥ በቆቦ ከተማ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው ምስክር ሊሆን ይችላል። ከተማይቱ የተሠራችው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ሲሆን፥ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፥ በምዕራብ ደግሞ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ ይታያል። የቆቦ ገበሬ ማሽላውን የሚዘራው በሜዳው ዝናብ ብቻ ተማምኖ አይደለም። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ወደ እርሻው ያስገባል፤ ጎርፉም ውሃና ለም አፈር ያመጣለታል። ነገር ግን ደጋው በተራቆተ ጊዜ ያው ጎርፍ ድንጋይና አሸዋ ተሸክሞ መጥቶ ማሳውን ይደፍነዋል። ስለዚህ የተራራ ጥበቃ ታሪክ ለደጋ ሰው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከቆቦ በስተምዕራብ፥ በላሊበላ አጠገብ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በእንዲህ ያለው ደጋ ሰው ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ጽዱና ወይራው ወደ ኋላ ይቀርና ኮሶውና አምጃው ይተካል፤ ከዚያም አስታው፥ በመጨረሻም የጓሳ ሣርና ጅብራ ይመጣል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ጓሳውም ዝናቡንና ጭጋጉን ይዞ፥ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ ምንጮች ይለቃል። ከዚህ ሣር መካከል ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ሲሆን፥ ዋና ምግቡ የደጋ አይጥ ነው። ዛሬ በጠቅላላው የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው።

እነዚህን ፍጥረታት ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀው ግን የስሜን ተራራ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት ስሜንን ከጎበኘ በኋላ ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ጽፎ አሳተመ። የቀይ ቀበሮው የሳይንስ ስም እስከ ዛሬ ከስሜን የተወሰደ ነው። ዋልያ ግን በገደል አፋፍ የሚኖር የዱር ፍየል ሲሆን፥ ከስሜን በቀር መኖሪያ የለውም። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ጠመንጃ በየቦታው ስለ በዛ፥ እርሻውም ወደ ገደሉ ስለ ተጠጋ፥ ቍጥሩ በጣም አነሰ።

ከዚህም የተነሣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተባበሩት መንግሥታትን የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ምክር ጠየቀ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963 በሰር ጁልያን ሀክስሊ የሚመራ መልእክተኛ ቡድን መጥቶ አገሩን መረመረ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። ድርጅቱ በ1970 ዓ.ም. የዓለምን ቅርሶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ፥ ከ12ቱ ሥፍራዎች ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ እነርሱም የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮች ናቸው። የሰው እጅ ያነጸው የወሎ ቅርስና የተፈጥሮ እጅ ያነጸው የስሜን ቅርስ በአንድ ቀን በአንድ መዝገብ መግባታቸው የሚያኰራ ነገር ነው።

ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ተራራን አይጠብቅም። የዋልያ ቍጥር ስለ ቀነሰ፥ እርሻና ግጦሽም ስለ ሰፋ፥ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጠረ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ2009 ዓ.ም. ነው። ለዚህም ውጤት የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር 2,500 ያህል ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ከቀዬው ተነሥቶ ደባርቅ አጠገብ ሰፈረ። ካሳ ቢከፈለውም፥ ገብስ አምራችና በግ አርቢ የነበረ ገበሬ በከተማ ዳር አዲስ ኑሮ መጀመር ነበረበት። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ በእሳት በተያያዘ ጊዜ ከኬንያና ከእስራኤል እርዳታ መጣ፤ እሳቱን ለማጥፋት አስቀድሞ ቅጠል ይዞ የወጣው ግን የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የደረሰው ጦርነትና ሁከትም ጥበቃውን አስተጓጕሎታል፤ የዋልያም ቍጥር እንደ ገና ወርዷል።

እንግዲህ ሰውን ሳያስነሡ ተራራን መጠበቅ አይቻልምን? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። በመንዝ የሚገኘውን የጓሳ ምድር ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ሆነ ይነገራል። ምድሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይከለከላል፤ በዚያ ጊዜ ማንም ሣር አያጭድም፥ ከብትም አያሰማራም። ከዚያም በተወሰነው ጊዜ ይከፈትና ሕዝቡ ለቤቱ ክዳን፥ ለገመዱ፥ ለከብቱም ይጠቀምበታል። ከልካዩ ከራሱ ከባለ መብቱ የተመረጠ ስለ ነበር ሕጉ ይከበር ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ስለ ሻረው ቄሮም ተዳከመ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ ጥበቃውን በኮሚቴ አቋቁሞ ቀጠለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛሉ። የአቡነ ዮሴፍም ደጋ ዛሬ የአካባቢው ሕዝብ ተካፋይ የሆነበት ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ከሁለቱ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ተራራ ሲከለከል ግጦሹን የሚያጣው የደጋው ገበሬ ነው፤ ጥቅሙ ግን ውሃና አፈር ሆኖ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ዋጋውን አንዱ እየከፈለ ሌላው ብቻ የሚጠቀምበት ጥበቃ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ሕግ የሚያወጣው ሹም ስለ ተራራው ሲመክር የባለ ተራራውን ድርሻ አስቀድሞ ይቍጠር፤ መምህሩም ለተማሪው ስለ ዋልያ ሲያስተምር ስለ ግጭ ገበሬም ይንገረው። የቆቦ ገበሬም ክረምት በገባ ጊዜ ቦዩን ሲጠርግ፥ የሚጠብቀው ውሃ ከላይ ሌላ ጠባቂ እንዳለው ያስብ። ያ ጠባቂ ተርቦ ተራራው ሊጠገብ አይችልም።