ኬሚካዊ ትስስር በሕያዋን አካል ውስጥ

ኬሚካዊ ትስስር (ቦንድ) አቶሞችን አንድ ላይ ይዞ ሞለኪዩል ወይም ክሪስታል የሚያደርግ የኤሌክትሪክ መሳሳብ ነው። ለሥነ ሕይወት ተማሪ የመጀመሪያው ቁም ነገር የትስስር ዓይነቶች በጥንካሬ እጅግ የሚራራቁ መሆናቸው ነው። ጠንካሮቹ የሞለኪዩሎችን አጽም ያቆማሉ። ደካሞቹ ደግሞ ሞለኪዩሎች እንዲገናኙ፣ ቅርጽ እንዲይዙና ሥራቸውን ሲጨርሱ እንዲለያዩ ያደርጋሉ። ሕይወት ያለ አንዳቸው አትቆምም።

አቶምና ኤሌክትሮኖቹ

የአቶም እምብርት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች የሚገኙበት ኒውክለስ ነው፤ በዙሪያው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉ። አንድን ንጥረ ነገር ከሌላው የሚለየው የፕሮቶኖቹ ቁጥር ነው፦ ሃይድሮጅን 1፣ ካርቦን 6፣ ናይትሮጅን 7፣ ኦክስጅን 8። የኒውትሮኖች ቁጥር ግን በአንድ ንጥረ ነገር ውስጥም ሊለያይ ይችላል። ካርቦን-12 ስድስት ኒውትሮኖች ሲኖሩት ጨረር አመንጪው ካርቦን-14 ስምንት አለው። የኤሌክትሮኖቻቸው ቁጥር እኩል ስለሆነ ተክል ሁለቱንም እንደ አንድ ይጠቀምባቸዋል። ሜልቪን ካልቪንና ባልደረቦቹ ካርቦን-14ን ተከትለው ተክሎች ከአየር የወሰዱትን ካርቦን ወደ ስኳር የሚቀይሩበትን መንገድ የደረሱበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ካልቪን እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ኤሌክትሮኖች በኢነርጂ እርከኖች ይደረደራሉ። የመጀመሪያው እርከን 2፣ ሁለተኛው 8 ይይዛል። ካርቦን በውጨኛው እርከኑ 4 ኤሌክትሮኖች ስላሉት አራት ይጎድሉታል። ናይትሮጅን ሦስት፣ ኦክስጅን ሁለት፣ ሃይድሮጅን አንድ ይጎድላቸዋል። አቶሞቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥሩት የትስስር ብዛትም ይኸው ጉድለት ነው። እነዚህ አራት ንጥረ ነገሮች ከሰው አካል ክብደት 96 በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ።

አዮናዊ ትስስር

ሶዲየም በውጨኛው እርከኑ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አለው፤ ክሎሪን ደግሞ አንድ ይጎድለዋል። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ሲሰጥ ሁለቱም ተቃራኒ ሙል ያላቸው አዮኖች ይሆናሉ፤ በመሳሳባቸውም የጨው ክሪስታል ይሠራል። ይህ ክሪስታል በሙቀት የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዳናኪል በረሃ ተጠርቦ በግመል የሚጓጓዘው አሞሌ ጨው የንዳድ ምድር ሙቀት አይበግረውም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ይሟሟል። የውሃ ሞለኪዩሎች በኦክስጅን ጫፋቸው የሶዲየም አዮኖችን፣ በሃይድሮጅን ጫፋቸው የክሎራይድ አዮኖችን እየከበቡ ከክሪስታሉ ይነጥሏቸዋል። የሰው አካልም በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ በደምና በህዋስ ውስጥ የሚገኙት ተለያይተው ነው። የነርቭ መልእክት የሚተላለፈው የሶዲየምና የፖታሲየም አዮኖች በህዋስ ሽፋን በኩል ሲገቡና ሲወጡ ነው።

ኮቫለንታዊ ትስስር

አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮኖችን በጋራ በመያዝ ሊተሳሰሩ እንደሚችሉ አስረዳ። ይህ ኮቫለንታዊ ትስስር የፕሮቲን፣ የስኳር፣ የቅባትና የዲኤንኤ አጽም ነው። ሁለት የካርቦን አቶሞችን የሚያያይዝ ነጠላ ትስስር ለመስበር 350 ኪሎጁል በሞል ገደማ ኢነርጂ ያስፈልጋል። በ37 ዲግሪ ሙቀት የሞለኪዩሎች ንቅናቄ የሚያስገኘው ግን 2.6 ኪሎጁል በሞል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚህ ትስስሮች በራሳቸው አይፈቱም፤ ህዋስ ሊቀይራቸው ሲፈልግ ኢንዛይም ያሰማራል።

የናይትሮጅን ጋዝ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሁለቱ አቶሞቹ በሦስትዮሽ ትስስር የተያዙ ሲሆን ጥንካሬው 945 ኪሎጁል በሞል ነው። ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ሰብል በናይትሮጅን እጥረት የሚቀጭጨው ይህን ትስስር መፍታት ስለማይችል ነው። በባቄላና በሽምብራ ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኔዝ በተባለ ኢንዛይም ይፈቱታል። ለአንድ የናይትሮጅን ሞለኪዩል ቢያንስ 16 የኤቲፒ (የህዋስ ኢነርጂ ተሸካሚ) ሞለኪዩሎችን ይከፍላሉ። ጥራጥሬ ማፈራረቅ መሬትን የሚያለማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኤሌክትሮኖች ሁልጊዜ እኩል አይካፈሉም። ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ባቀረበው የኤሌክትሮን ስበት መለኪያ፣ አሁን በሚሠራባቸው አሃዞች፣ ኦክስጅን 3.44፣ ካርቦን 2.55፣ ሃይድሮጅን 2.20 ናቸው። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ኦክስጅን በከፊል አሉታዊ፣ ሃይድሮጅን በከፊል አወንታዊ ይሆናሉ። ካርቦንና ሃይድሮጅን ግን ስለሚቀራረቡ በአብዛኛው ከእነሱ የተሠራው ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም።

ደካማ ትስስሮች

በከፊል አወንታዊ የሆነ ሃይድሮጅን በአቅራቢያው ወዳለ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ሲሳብ የሃይድሮጅን ትስስር ይፈጠራል። በውሃ ሞለኪዩሎች መካከል ጥንካሬው 20 ኪሎጁል በሞል ገደማ ነው። ነጠላው ትስስር በቀላሉ ይፈታል፤ ብዙው ሲተባበር ግን ይጸናል። በዲኤንኤ ውስጥ አዴኒንና ታይሚን በሁለት፣ ጓኒንና ሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጅን ትስስሮች ይያያዛሉ። በላቦራቶሪ ዲኤንኤ ለማባዛት ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ ሰንሰለቶች ይለያያሉ፤ የየሰንሰለቱ ኮቫለንታዊ አጽም ግን አይበጠስም። ህዋስም ዘረመሉን የሚቀዳው ደካማውን ትስስር ከፍቶ ጠንካራውን ሳይነካ ነው።

እንቁላል ሲቀቀልም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ሙቀቱ የፕሮቲኑን እጥፋት የያዙትን ደካማ ትስስሮች ይፈታል፤ የተዘረጉት ሰንሰለቶችም እርስ በርስ ተያይዘው ይረጋሉ። አሚኖ አሲዶችን የሚያገናኘው ፔፕታይድ ትስስር ግን እንዳለ ይቆያል። እሱን መቁረጥ የሚጀምረው በጨጓራ ውስጥ ያለው ፔፕሲን የተባለ ኢንዛይም ነው።

ትስስርና በሽታ

የማጭድ ህዋስ ደም ማነስ የደካማ ትስስሮችን ክብደት በግልጽ ያሳያል። በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ስድስተኛ ቦታ ላይ ሙል ያለው ግሉታሚክ አሲድ ውሃን በሚሸሽ ቫሊን ይተካል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ ቫሊኑ ከጎረቤት ሞለኪዩል ጋር ይጣበቃል፤ የተፈጠሩት ረጃጅም ክሮችም ቀይ የደም ህዋሱን እንደ ማጭድ ያጎብጡታል። ኦክስጅን ሲመለስ ክሮቹ ይፈታሉ፤ ደጋግሞ የጎበጠ ህዋስ ግን ተጎድቶ ያለ ዕድሜው ይፈርሳል። ፖሊንግና ባልደረቦቹ የሕመምተኞቹ ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ ሙሉ የተለየ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1949 አሳይተው ሕመሙን የሞለኪዩል በሽታ ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ስለ ትስስር ማወቅ የኬሚስት ብቻ ሳይሆን የሐኪምም ዕውቀት ሆኗል።