ኦቲስ ሬዲንግ፦ «ሲቲን ኦን ዘ ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ»

ባለ 7 ኢንች ሸክላ፣ በደቂቃ 45 ዙር
ቮልት ሪከርድስ፣ ሜምፊስ፣ ቴነሲ፣ እ.ኤ.አ. 1968

ሶል የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሆነው ጎስፔል በ1950ዎቹ ከዓለማዊው ሪትም ኤንድ ብሉዝ ጋር ተዋሕዶ ያስገኘው የሙዚቃ ዘውግ ሲሆን፣ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ኦቲስ ሬዲንግ (1941–1967) ከዘውጉ ዋነኛ ተጠሪዎች አንዱ ነው። በጆርጂያ ግዛት በዶሰን ተወልዶ በሜከን ያደገውና በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ድምፁን ያሟሸው ሬዲንግ፣ በ1962 ሜምፊስ በሚገኘው የስታክስ ስቱዲዮ የመጀመሪያ ታዋቂ ዘፈኑን አስቀረጸ፤ በ1965 ደርሶ የተጫወተው «ሪስፔክት» ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ አሬታ ፍራንክሊን ከሴት አንደበት እንዲሰማ አድርጋ ስታዜመው የላቀ ዝና አገኘ።

በዚህ ሸክላ ላይ ያለውን ዘፈን ሬዲንግ ከጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ክሮፐር ጋር የደረሰው ሲሆን፣ በለሰለሰ ጊታር፣ በማዕበል ድምፅና በመዝጊያው ፉጨት ከቀደሙት ጉልበታም ሥራዎቹ ይለያል። ቀረጻው በተጠናቀቀ በቀናት ውስጥ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1967፣ ሬዲንግ የተሳፈረበት አውሮፕላን በዊስኮንሲን ግዛት ሞኖና ሐይቅ ውስጥ ወድቆ በ26 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ፤ በተከታዩ ወር የወጣው ሸክላም በቢልቦርድ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ፣ ድምፃዊው ከሞተ በኋላ አንደኛ ደረጃ የያዘ የመጀመሪያው ሥራ ሆነ።